የባሌ እህት ግማሽ ሲኒ

የባሌ እህት በእኔ እጅ የተሠራ ቡና ጨርሳ ጠጥታ አታውቅም። ከመልሳችን ቀን ጀምሮ እስካለፈው ዓመት ድረስ ማለቴ ነው። ሲኒውን ትቀበላለች፣ ታመሰግናለች፣ ግማሹ ላይ ስትደርስ ታቆማለች። ከዚያ የሲኒውን ማስቀመጫ ገልብጣ ሲኒውን ትከድነዋለች፤ የሬሳ ፊት እንደሚሸፍን ሰው ቀስ ብላ። "በቃኝ፣ እጅሽ ይባረክ" ትላለች። እጄን እየባረከች ቡናዬን ትቀብረዋለች።

ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። የባል ታላቅ እህት ናት፣ "እትዬ" ማለት ግዴታ ነው። በጽሑፍ ግን አንቱ ልላት ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ። ወረቀቱም እስክሪብቶውም የራሴ ስለሆኑ እዚህ ላይ እሷ ናት።

የነገሩ መነሻ መልስ የተጠራን ቀን ነው። ዘመድ አዝማዱ በተሰበሰበበት ቡና አቅርቢ ተባልኩ፤ አቀረብኩ። እሷ አንድ ጊዜ ፉት አለችና ሲኒውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው።

"ታድለሃል ወንድሜ" አለች። "ይህች ልጅ ቡና አታፈላም። ውኃ አሙቃ ቡናውን ታሳየዋለች።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ባሌም ሳቀ። ባሌን ይቅር ብዬዋለሁ፣ ሞቷል። ከሳቁት መካከል ግን እስከ ዛሬ በሕይወት ያሉ አሉ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ የቀጠነ ነገር ሁሉ በእኔ ሆነ። ወጥ ቢቀጥን "ሽሮውን አሳይታው ነው" ይባባላሉ። የአንዲቱ የአክስት ልጅ እጮኛ ከሲታ ሆኖ ቢመጣ "ምግብ አሳይተውት ነው ያሳደጉት" ተባለ፤ እኔ በተቀመጥኩበት። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። እንዳልሰማ መሆን እችልበታለሁ። መርሳት ነው የማልችልበት።

ልጄ ካፌ ባትከፍት ኖሮ ነገሩ በዚሁ ከእኛ ጋር መቃብር ይወርድ ነበር። ሀና ማርያም ያለው ቤታችን ወደ መንገድ የሚያይ አንድ ክፍል አለው። ልብስ ሰፊ ተከራይቶት ነበር፣ ወጣ። ልጄም ከመሥሪያ ቤቷ ለቀቀች፤ ለምን እንደለቀቀች የራሷ ጉዳይ ነው፣ አልጽፈውም። ስለ ቡና ማሽን አጭር ሥልጠና ወሰደችና ክፍሉን ቀለም ቀብታ ጥቂት በርጩማና አንድ ያገለገለ የጣሊያን ማሽን አስገባች። ማሽኑ ሲሞቅ እንደ ጡረተኛ ያጉረመርማል። ለመጀመሪያ ጊዜ እንፋሎት ሲተፋ ድመታችን በአጥር ዘላ ወጥታ የተመለሰችው በማግስቱ ነው።

የባሌ እህት ወሬውን እንደሰማች ከብስራተ ገብርኤል ታክሲ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ወንድሜ ዓይኑን በጨፈነ ማግስት ቤቱን ቡና ቤት አደረጋችሁት?"

ማግስት ያለችው ስንትና ስንት ዓመት ያለፈውን ነው። ልጄ በትዕግሥት አስረዳቻት፤ ቡና ቤት መጠጥና ሙዚቃ ያለበት ነው፣ እኛ ካፌ ነን፣ ከቡና በቀር የምንሸጠው የለም አለቻት። እሷ ደግሞ ቡና ብቻ የሚሸጥ ቤት ቡና ቤት ካልተባለ ምን ሊባል ነው ብላ ገብታ ተቀመጠች። ከዚያ ማሽኑን በአገጯ እያመለከተች ማን እንደሚነዳው ጠየቀች።

"እማዬ ናት" አለች ልጄ። "እያስተማርኳት ነው።"

የባሌ እህት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። "ደግ ነው። ማሽኑም ውኃ ማሞቁን አይጠላም።"

የዚያን ዕለት ለራሴ አንድ ነገር ቃል ገባሁ። ከሁለት አንዳችን ሳንሞት ይህች ሴት ከእጄ አንድ ሲኒ ተቀብላ እስከ አተላው ትጠጣዋለች። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ይቅርታ እንኳ አልፈለግሁም፤ ይቅርታ ከጠየቀችኝ ይቅር ማለት ሊኖርብኝ ነው።

ትምህርቱን ያዝኩት። ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ቡናውን መፍጫው ያደቀዋል፣ እጀታ ያለው የብረት ማጣሪያ ውስጥ ይጨመራል፣ በብረት ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ ይታሰራል፤ የፈላ ውኃ በኃይል ያልፍበታል። ደቃቁ ከሻከረ ወይም አጠቃጠቁ ከላላ ውኃው ሽው ብሎ ያልፍና ቡናው ሆምጣጣ ይሆናል። ከላመ ወይም ከጠበቀ ጠብ፣ ጠብ እያለ ሬት ይሆናል። ልክ ሲሆን እንደ ማር ሆኖ ይወርዳል፤ ከላዩ ወርቅ የመሰለ አረፋ ይቀመጣል። ልጄ ስጠቀጥቅ ሁልጊዜ እኩል ኃይል ተጠቀሚ ትለኛለች። እኔ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በጠቀጠቅሁ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። የቀድሞ አለቃዬን እያሰብኩ የጠቀጠቅሁት ጊዜ ከማሽኑ አንድ ጠብታ አልወጣም። ልጄ ማሽኑ የተበላሸ መስሏት ደነገጠች። "ቆይ፣ ሌላ ሰው ላስብ" ብያት ደግሜ ስሠራ ደህና ወረደ።

ከዚያ የቡናው ምርጫ መጣ። ልጄ እንደነገረችኝ ሥልጠናው ላይ አጥብቀው ያስተማሯት አንድ ነገር ነው፤ ቡናው ከአንድ አገር የመጣ፣ ከሌላ ያልተቀላቀለ ይሁን። ጠጪው የየትኛው አገር ቡና እንደሆነ ይጠይቃል፣ መልስ ይፈልጋል። በዚህ ከተማ ሰው ከየት ነህ ሲባል ይቀየማል፤ ቡና ግን ሲጠየቅ ይኮራል ማለት ነው።

ነፋስ ስልክ ወደሚገኝ አንድ ጥሬ ቡና ሻጭ ሄድኩ። ፊቱ የተደረደሩትን ጆንያዎች እያሳየሁ የየት እንደሆኑ ጠየቅሁት። የመጀመሪያው ይርጋጨፌ ነው። ሁለተኛውም ይርጋጨፌ ነው። ጥግ ላይ ያለው፣ ፍሬው የተሰባበረውና ግማሹ የጠቆረውስ አልኩት።

"እሱም ይርጋጨፌ ነው እናቴ" አለኝ። "መንገድ ላይ ደክሞት ነው።"

ከእሱ ወጥቼ ብዙ ዞርኩ። በመጨረሻ አንዲት ነጋዴ ሴት አገኘሁ፤ ከጆንያዎቿ አንዱን እያሳየችኝ "ይኼን እንኳ አትውሰጂው፣ ዝናብ ነክቶታል" አለችኝ። የራሱን ዕቃ የሚያማ ነጋዴ ይታመናል። ከእሷ ይርጋጨፌ፣ ሐረር፣ ጉጂና ሊሙ ወሰድኩ። እያንዳንዱን ለየብቻ ለቀምኩ፣ ለየብቻ ቆላሁ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ለየብቻ አስቀመጥኩ፣ በቁስል ፕላስተር ላይ ስማቸውን ጽፌ ለጠፍኩባቸው። እኔማ ወዲያው ልፈጨው ነበር። ልጄ ከለከለችኝ፤ የተቆላ ቡና ለማሽን ሲሆን ጥቂት ቀን ማረፍ አለበት አለች። በዚህ ቤት ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ ጥቂት ቀን ትረፍ ያለኝ የለም። ቡናው አረፈ።

የመጀመሪያው ይርጋጨፌ ነበር። በደንብ ወረደልኝ፤ አበባ አበባ ይሸታል። የባሌ እህት ፉት ብላ አፏ ውስጥ አዞረችው።

"ሎሚ ጨመርሽበት?"

ምንም አልጨመርኩም አልኳት። የጥሩ ይርጋጨፌ ጠባዩ እንደዚያ መሆኑን ልጄ ከጎኔ ሆና አስረዳች።

"እንግዲያው ሰላጣ ስትሠሪ ቆይተሽ እጅሽን ሳትታጠቢ ነው የሠራሽው" አለችና ግማሹ ላይ ከደነችው።

በሳምንቱ ሐረር አቀረብኩላት። ከነቆዳው ፀሐይ ላይ የደረቀ ቡና ስለሆነ የበሰለ ፍሬ ይሸታል፣ ትንሽም የወይን ጠጅ ነገር አለው። ልጄ ያንን ሽታ ስትስብ ዓይኗን ትጨፍናለች። የባሌ እህትም ሽታውን ሳበች፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨርሳ ከፈተች።

"ይኼስ ጠላ ነው" አለች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የመጠጥ ፈቃድ አለሽ ወይ?"

ግማሽ። ተከደነ።

ሦስተኛውን ጉጂ አደረግሁት። እንደዚያን ቀን የተሳካልኝ የለም። ማር ሆኖ ወረደ፣ አረፋው ላይ ስኳር ቢበተን ቆሞ ይጠብቃል። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ እሱን አልዘነጋሁም። እሷ ግን ስኳር በሽታ ስላለባት የንስሐ አባቷ ከጾም ነፃ አድርገዋታል፤ ዓርብ ጠዋት ቁርሷን በልታ ስትመጣ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። የዚያን ዕለት ሲኒውን ፊቷ ሳስቀምጥ አማተበች።

"ዛሬ እንኳ ልጹም ብዬ ነው። ክደኚልኝና አስቀምጪልኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጠጣዋለሁ።"

የማሽን ቡና አስቀምጠው የሚጠጡት አይደለም። እንደወረደ ካልተጠጣ ያልቅለታል። ይህን ልጄ ነገረቻት። እሷም ማሽንን ከእግዚአብሔር ለማስበለጥ እንዴት እንደደፈርን ጠየቀች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጣ ጠበቀች። ያን ሁሉ ሰዓት! አፈሩን፣ መንገዱን፣ የዘንድሮን ሽንኩርት ስታማ ዋለች። ዘጠኝ ሲሆን ሲኒውን ገለጠችው። ቡናው ጠቁሮ ጠርዙ ላይ ደርቋል። ግማሹን ጠጣች።

ልጄን አንድ ቀን ጠየቅኋት። ግማሽ ሲኒ ለመጠጣት ከብስራተ ገብርኤል ሀና ማርያም ድረስ በየሳምንቱ በሁለት ታክሲ የሚመጣ ሰው ጤነኛ ነው ወይ አልኳት። "ብቸኝነት ነው እማዬ" አለችኝ። ልጄ ደግ ናት። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ከአባቷም ወገን ከእኔም ወገን እንዲህ ያለ ሰው የለም።

ሊሙ ቀረኝ። ሊሙ አይጮኽም፤ ሎሚም ጠላም አይልም። ተስፋዬን ሁሉ እሱ ላይ ጣልኩ። ለእሑድ አሰብኩት። መፍጫውን ከዋዜማው በሊሙ አስተካከልኩ፣ ጣሳዎቹን የኋላ ማብሰያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የባሌ እህት ሁልጊዜ እሑድ የምትመጣው ከምሳ በፊት ነው። የዚያን ዕለት እኔ ገና ቅዳሴ ላይ እያለሁ መጣች። ልጄ አስገብታት ወንበር ሰጥታት ራሷ በመንገዱ በኩል ያለውን መስታወት ስትወለውል ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ጣሳዎቼን ነው። ታጥበው፣ ተደፍተው፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። ከጎናቸው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አለ። ሳፋው ውስጥ ይርጋጨፌ የሚል ፕላስተር ተንሳፍፏል።

የባሌ እህት እጅጌዋን ሰብስባ ማብሰያ ክፍሉ በር ላይ ቆማለች። ፊቷ ላይ የበጎ አድራጊ ፈገግታ አለ።

"ቤትሽን ሰበሰብኩልሽ" አለች። "ምንድን ነው ቁራጭ ቁራጭ ቡና በየጣሳው፣ የድኃ ቤት አስመሰልሽው።"

ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ የብርጭቆ ማሰሮ፣ በፊት ማር የማስቀምጥበት፣ እስከ አፉ በቡና ተሞልቶ ቆሟል። ይርጋጨፌው፣ ሐረሩ፣ ጉጂው፣ ሊሙው፤ ለየብቻ ተለቅመው፣ ለየብቻ ተቆልተው፣ ለየብቻ ያረፉት። አልፎ ተርፎ ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ ከማኅበር የተረፈ የተቆላ ቡና ጨምራበታለች። የየት አገር ቡና ነው ብላት፣ "የማኅበር ነዋ" አለችኝ።

ልፍረድባት ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። የትኛዋም ሴት ትሁን፣ እኔን ጨምሮ፣ ሰው ቤት ገብታ በየዕቃው የቀረ ትርፍራፊ ቡና ካየች አንድ ላይ ትገለብጠዋለች። እንደዚያ ነው ያደግነው። ለየብቻ ተቀምጦ ለሚከበር ቡና ማናችንም አልተዘጋጀንም። ስለዚህ አልጮህኩም። ይልቅ ሌላ ነገር አሰብኩ፤ የገዛ ጥፋቷን ትጠጣዋለች። አንድ ላይ የደፋችውን አራት አገርና አንድ ማኅበር በአንድ ሲኒ አቀርብላታለሁ፣ ፉት ትለዋለች፣ ፊቷ ይጨማደዳል፣ እኔም በሰው ፊት "የእጅዎ ሥራ ነው እትዬ" እላታለሁ።

ከማሰሮው ዘግኜ መፍጫው ላይ ጨመርኩ። ጠቀጠቅሁ። የማንን ፊት እያሰብኩ እንደነበር መጻፍ አያስፈልግም። ማሽኑ ላይ አሰርኩት፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልመጣም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ወፍራም፣ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወረደ። ከላዩ የተቀመጠው አረፋ የነብር ቆዳ መሰለ። እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሰጠኋት። ልጄ መስታወቱን ትታ መጥታ ቆመች። የባሌ እህት ፉት አለች። እንደገና ፉት አለች። እጇ ወደ ማስቀመጫው ሄደ፤ አሁን ልትከድነው ነው ብዬ "የእጅዎ ሥራ ነው" የምትለዋን ነገር ምላሴ ላይ አዘጋጀሁ። እጇ ማስቀመጫውን ነካው፣ ገፋ አደረገው፣ ተመልሶ ሲኒውን ያዘ። አንጋጣ ጨለጠችው። ከዚያ ሲኒውን አዘንብላ ወደ ውስጥ አየች፤ ሌላ ቀርቶ እንደሆነ ብላ።

"ድገሚኝ" አለች።

ምን ላድርግ? ምላሴ ላይ የነበረውን ዋጥኩትና ደገምኳት። ሁለተኛውንም ጨረሰች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፣ ወደ ማሽኑ ሄደች፣ ጎኑን ጥሩ በሬ እንደሚያደንቅ ገበሬ በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገችው።

"ጎበዝ ነው" አለች። "ሲፈልግ ይችላል።"

ልጄ ወደ ውጭ ወጥታ ሳቀች። እዚያው ብትስቅ ይሻላት ነበር፤ በመስታወቱ በኩል ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ነበር።

የባሌ እህት ከሄደች በኋላ ለራሴ አንድ ሠርቼ ጠጣሁ። ጥሩ ነበር። እዚህ ጽፌዋለሁ፣ በአፌ አልደግመውም።

በሳምንቱ ማሰሮው አለቀ። ደንበኛ ሁሉ ከእሱ ነበር የጠየቀው። የየት አገር ነው ሲሉን ልጄ "የቤት ነው" እያለች አለፈች። ያንኑ ልድገመው ብዬ ከነጋዴዋ ሴት እንደገና አራቱንም ገዛሁ፣ ቆላሁ፣ አሳረፍኩ፣ ከየጣሳው እየቆነጠርኩ ቀላቀልኩ። ሐረሩን አበዛሁ፣ ጠላ ሆነ። ይርጋጨፌውን አበዛሁ፣ ሰላጣ ሆነ። ልጄ በየሲኒው ፊቷን ላለማጨማደድ እየታገለች "ደርሰሻል፣ ትንሽ ነው የቀረሽ" እያለች አበረታታችኝ። አልደረስኩም። የባሌ እህት መጣች፤ ቀመሰች፤ ግማሹ ላይ ከደነችው። ከዚያ በእውነተኛ ሐዘን ማሽኑን አየችውና "አሞታል እንዴ?" አለች።

ልጄ ያለ ምንም ሐፍረት መፍትሔ አመጣች። እትዬን ደውዬ ልጥራት፣ መጥታ ትቀላቅልልን፣ ምን ችግር አለው አለች። ችግሩን ለእሷ ማስረዳት አልቻልኩም። ያቺን ሴት፣ ውኃ አሙቃ ቡናውን ታሳየዋለች ብላ በዘመድ ፊት ያዋረደችኝን፣ እባክሽ ቡናዬን ነይና ሥሪልኝ ብዬ ልለምን? ሞቼ ነው ቆሜ? ልጄ እንዳትደውል ከለከልኳት።

ግን ያቺ "ድገሚኝ" ጆሮዬ ላይ ቀርታለች። ምንም ብጠላው፣ ለማሽኑ ምስጋና ይሁን አይሁን፣ ሲኒው ከእጄ ነው የወጣው፤ ባዶ ሆኖ የተመለሰውም ወደ እጄ ነው። አንዴ ካዩት በኋላ ግማሽ ሲኒ መቀበል ከበፊቱ ይብሳል።

እሑድ ሲደርስ አራቱን ጣሳዎች የማብሰያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። በሁለቱ ግማሽ፣ በአንዱ ሩብ፣ በአንዱ እፍኝ የማትሞላ ቡና ተውኩ፤ ያየች ሴት ሁሉ እንዳያስችላት። ክዳኖቹን አነሣሁ። ፕላስተር አልለጠፍኩም። ያንን ማሰሮ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አፉን ከፍቼ አጠገባቸው አቆምኩት። ቅዳሴው ሳያልቅ ተመልሼ ነበር፤ የግቢው በር ሲንኳኳ ራሴ ከፈትኩላት። ከቦርሳዋ ጫፍ ፌስታል ይታያል። ማኅበር ነበራት ማለት ነው።

ማብሰያ ክፍሉን ከበሩ ላይ ሆና አየችው፤ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

"አንቺ ሴትዮ፣ አሁንም ይኼን ጣሳ ትደረድሪያለሽ?"

"ምን ላድርግ እትዬ" አልኳት። "አልችልበትም።"

ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ስኳር ልገዛ ወጣሁ። ስኳር ቤት ሞልቶ ነበር። ሱቁ አጠገባችን ነው፤ እኔ ግን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሄድኩ፣ ቀስ ብዬ፣ እጅጌዋን የምትሰበስብበትን ያህል ጊዜ ልሰጣት።